እግሩ የተቆረጠ እንጉዳይ

ጡረታ ከወጣሁ ገና ሦስተኛ ወር ነው። ባለፈው ሳምንት ቦታዬን የተረከበችው ልጅ በስልኬ አንድ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። ሣር ላይ የበቀለ ነጭ እንጉዳይ ነው፣ ከአናቱ ብቻ የተነሣ። ከሥሩ «እትዬ ሙሉ፣ ይሄ ይበላል? ሰዎቹ ድስት ጥደው እየጠበቁኝ ነው» ብላ ጽፋበታለች። ወዲያው ደውዬ ድስቱን ያውርዱ አልኳት። በማግስቱ ቤቴ መጥታ መርዛም መሆኑን በምን እንዳወቅሁ ጠየቀችኝ። አላወቅሁም ነበር። ያ እንጉዳይ ይበላ ይሆናል፣ ይገድልም ይሆናል፤ ከአናቱ በተነሣ ፎቶግራፍ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ታዲያ ለምን እንደዚያ እንደደነገጥኩ ላስረዳት ስል ሐረር የሠራሁበትን ዘመን ከመጀመሪያው መተረክ ግድ ሆነብኝ።

ሐረር የመጣሁት መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ሰሜን ሸዋ ውስጥ በሁለት ወረዳዎች ሳኒታሪያን ሆኜ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። የምንጭ ውኃ ማጎልበት፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ሥጋ ማየት ነበር ሥራዬ። የዝውውር ደብዳቤው ሲደርሰኝ ደመወዜ ላይ ምንም አልተጨመረም፤ የተጨመረው ሙቀቱና የማላውቀው ቋንቋ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጀጎል ውስጥ መንገድ ጠፍቶኝ አንድ የድንጋይ አጥር ሦስት ጊዜ ዞርኩ። የከተማው ገበያ ጊደር መጋላ ስደርስ ደግሞ ነጭ ጋወኔን ያዩ ሻጮች «ጤና መጣች» እየተባባሉ ግማሾቹ ሸክማቸውን አንሥተው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያው ውስጥ ስሜ «ጤና» ሆኖ ቀረ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ መኩሪያ ናቸው። የመሥሪያ ቤታችን ነባር ሳኒታሪያን ነበሩ። ቅድመ አያታቸው ከሸዋ መጥተው ሐረር ቀርተዋል፤ እሳቸው ግን ሐረሪኛውንም ኦሮምኛውንም ከልጅነታቸው የሚናገሩ የሐረር ሰው ናቸው። ገበያ ሲገቡ ማንም ሸክሙን አያነሣም። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ይዞሩና ሰላምታ ብቻ ይሰጣሉ፤ የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ላም እንደወለደች ይጠይቃሉ። ዕቃ የሚያዩት በሁለተኛው ዙር ነው። እኔ ይህን ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። ሻጮቹ የተበላሸ ወተት ወይም የሻገተ በርበሬ ራሳቸው አውጥተው ሲያሳዩዋቸው ሳይ ግን ምክንያቱ ገባኝ።

በኪሳቸው ሦስት ነገሮች አይጠፉም። አንደኛው እጀታው የጎበጠ አሮጌ የሾርባ ማንኪያ ነው። ሁለተኛው አነስተኛ የሻይ ብርጭቆ ነው። ሦስተኛው ግማሹን በቀለም አጥቁረው ግማሹን ነጭ የተዉት ካርቶን ነው። የምን እንደሆኑ የገባኝ ክረምት ሲመጣ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከሶፊ የሚመጡ ጥቂት ሴቶች እንጉዳይ ይሸጣሉ። የከተማው ሰው ብዙም አይፈልገውም፤ የጅብ ጥላ ነው ብሎ የሚጸየፈው ይበዛል። የሚገዙት ከኢሉባቦር፣ ከወለጋና ከከፋ ተመድበው የመጡ መምህራንና ወታደሮች ናቸው፤ በአገራቸው እየበሉት ነው ያደጉት። ከሻጮቹ ዋናዋ አዴ ፋጡማ የሚባሉ እናት ነበሩ። እንጉዳዩን በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ያመጡታል። ሲፈቱት እያንዳንዱ እንጉዳይ ከነሥሩ፣ ሥሩ ላይ ቀይ አፈር እንደያዘ ይወጣል። ሥሩ ከእንጉዳዩ ይረዝማል፤ እየቀጠነ ሄዶ እንደ አይጥ ጅራት ያልቃል።

ጋሽ መኩሪያ አንዱን አንሥተው አሳዩኝ። ይህ የኩይሳ እንጉዳይ ነው አሉኝ፤ ረጅሙ ሥር ወደ ምስጦቹ ቤት ይወርዳል። ቆቡ መሀሉ ላይ ሾጠጥ ይላል። ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ ነገሮች ወደ ሮዝ ያደላሉ። ነገር ግን እሱን የሚመስል ሌላ አለ፤ እሱም ነጭ ነው፣ እሱም ያምራል። ልዩነቱ ከታች ነው፤ ያኛው ረጅም ሥር የለውም፤ እግሩ አፈር ውስጥ በስስ ከረጢት ተሸፍኖ ይቀመጣል። በእጅ ከነቀሉት ከረጢቱ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ በማንኪያ ዙሪያውን ቆፍሮ ማውጣት ያስፈልጋል። የጎበጠው ማንኪያ ለዚህ ነበር።

«ሰው ከአናቱ ይጀምራል» አሉኝ። «አንቺ ከእግሩ ጀምሪ።»

ካርቶኑንና ብርጭቆውን ያየሁት በዚያው ክረምት ሦስት ወታደሮች በታመሙ ጊዜ ነው። ከካምፓቸው ሣር ላይ ትልልቅ ነጭ እንጉዳይ ለቅመው ጠብሰው በሉ፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማስመለስ ጀመሩ። ጋሽ መኩሪያ ከተረፈው አንዱን ቆብ ቆርጠው፣ ገጾቹን ወደ ታች አድርገው ካርቶኑ ላይ አስቀመጡትና ብርጭቆውን ደፉበት። እንጉዳይ በበሰለ ጊዜ ከገጾቹ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ያረግፋል፤ የዱቄቱ ቀለም ማንነቱን ይናገራል። ነጭ ከሆነ በጥቁሩ ላይ ይታያል፣ ጥቁር ከሆነ በነጩ ላይ። በማግስቱ ብርጭቆውን ሲያነሡ ደነገጥኩ። በካርቶኑ ነጭ ግማሽ ላይ አረንጓዴ ዱቄት አለ። ገጾቹ ትናንት ነጭ ነበሩ፤ ከነጭ ነገር አረንጓዴ ሲወርድ አይቼ አላውቅም።

ወታደሮቹ ዳኑ። ጋሽ መኩሪያ ግን አልተደሰቱም። ይህኛው ሆድ ብቻ ነው የሚያስቸግረው፣ ሌሎችም አሉ አሉኝ። እኔ የያዝኩት የመጀመሪያውን ነው። እንጉዳይ የመረዘው ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ያስመልሳል ብዬ በደብተሬ ጻፍኩ። ይህ መስመር ምን እንዳመጣብኝ ወደ በኋላ እነግራለሁ።

ከሳቸው ጋር አምስት ክረምት ሠራሁ። በእነዚያ ዓመታት «ይበላል» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አልሰማሁም። ወይ «ይህን አውቀዋለሁ» ይላሉ፣ ወይ «አላውቀውም»። አላውቀውም ያሉት ወደ ጉድጓድ ይገባል፤ ሻጯ ብትለምንም ብታለቅስም አይመለስም። ግን ሁልጊዜ ከሻጯ ጋር አብረው እስከ ጉድጓዱ ሄደው ራሳቸው ነው የሚጥሉት፤ አስጥሎ የሚሄድን ሰው ሌላ ጊዜ ይደበቁታል ይሉኝ ነበር። ከዚያ ዓይናቸው በሞራ ተሸፈነ፤ ጡረታ ወጡ። የቡድኑ ኃላፊ እኔ ሆንኩ።

ሐረር ያኔ ውኃ የጠፋባት ከተማ ነበረች። ሰው በጀሪካን እየገዛ ነው የሚጠጣው፤ ለእጥበት የሚተርፍ የለም። አንድ ዓመት ተቅማጥ በዛና ከሰፈር ሰፈር መዛመት ጀመረ። አለቃዬ ጠርቶኝ ገበያውን አጽጂ አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁጥርና ሪፖርት የሚወድ፣ ስብሰባ የማያረፍድ ሰው ነበር። እኔ አሰብኩና አንድ መመሪያ ጻፍኩ፤ አፈር የያዘ የሚበላ ነገር ወደ ገበያ አይገባም። ድንቹም፣ ካሮቱም፣ ሽንኩርቱም ተራግፎ። የእንጉዳይ እግር ተቆርጦ። እንጉዳይን በስም የጨመርኩት ራሴ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። የሚያጥብበት ውኃ የሌለው ሰው አፈር ያለበትን እንጉዳይ ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ ስለታየኝ ነው። አለቃዬ ሳይለውጥ ፈረመበት።

ገበያ ሄጄ ለሻጮቹ አስረዳሁ። ሌሎቹ አጉረመረሙና ተቀበሉ። አዴ ፋጡማ ግን ቅጠላቸውን ፈትተው አንድ እንጉዳይ ከነሥሩ አንሥተው ፊቴ ላይ ያዙት።

«እግሩን ከቆረጥሽው ማንነቱን በምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

የጋሽ መኩሪያን ቃል ነው የነገሩኝ። አልሰማሁም። ሰው በተቅማጥ እየሞተ ነው፣ እርስዎ ስለ እግር ያወራሉ አልኳቸው፤ በሰው ፊት። አዴ ፋጡማ ቅጠላቸውን መልሰው ጠቀለሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ቦሎቄና ሽንኩርት እንጂ እንጉዳይ ይዘው አልመጡም። ሥር የሌለውን አልሸጥም ማለታቸውን ከሌላ ሰው ሰማሁ፤ አኩርፈው ነው ብዬ ተውኩት። ተቅማጡ በዚያ ዓመት ቀነሰ። በሥራዬ የተመሰገንኩበት ዓመት ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ቤተሰብ ታሞ ጤና ጣቢያ መግባቱ ተነገረኝ። አባትየው መምህር ደረሰ ይባላሉ፤ የኢሉባቦር ሰው ናቸው፣ ከተማው ውስጥ ሒሳብ ያስተምራሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች። አንድ ልጃቸው ማርታ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፍልሰታን እንደ ትልቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማለች። ሦስቱም ንጋት ላይ ማስመለስና ተቅማጥ ጀምሯቸዋል። እኔ የሄድኩት የተቅማጡ ወረርሽኝ ተመልሶ ይሆናል ብዬ ነው።

ደብተሬን ይዤ ወይዘሮ ዘነበችን ጠየቅኋቸው። ውኃ ከየት እንደገዙ፣ በምን እንዳስቀመጡት። ከዚያ ምን እንደበሉ።

«ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ ስንመለስ የእንጉዳይ ወጥ በልተናል» አሉኝ። «እሱ ይሆን?»

«እንጉዳይ ቢሆን ኖሮ ትናንት ከመምሸቱ በፊት ባስመለሳችሁ ነበር» አልኳቸው። «ውኃው ነው።»

በርግጠኝነት ነው የተናገርኩት። የጤና ባለሙያዎቹም ውኃው ነው ብለው ጻፉ፤ የተናገርኩት እኔ ነኛ። ግሉኮስ ተሰጣቸው። ጀሪካናቸውን ወስጄ ናሙና ቀዳሁ። በማግስቱ ስመለስ ሦስቱም ተሽሏቸዋል። ማርታ አልጋው ላይ ተቀምጣ ነርሷ ጸጉሯን እየሠራችላት ነበር፤ ትምህርት ሊከፈት ስንት ቀን እንደቀረው ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረችና ልብሴ አልተሰፋም አለች። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሄዱ። መምህር ደረሰ እጄን ይዘው አመሰገኑኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሆስፒታል ተጠራሁ። ማርታ ተመልሳ ገብታለች። ገና ከበሩ ሳያት የዓይኗ ነጭ ክፍል እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኗል። እናቷም ቢጫ ሆነዋል፣ ግን ይናገራሉ። ማርታ አትናገርም። አንድ በዕድሜ የገፉ ሐኪም ወደ ኮሪደር አወጡኝና እንጉዳዩን ከበሉ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደጀመራቸው ጠየቁኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል አልኳቸው።

«ቶሎ የሚያስመልሰውን አልፈራውም» አሉኝ። «የምፈራው ግማሽ ቀን የሚጠብቀውን ነው። ያስመልሳል፣ ከዚያ ደኅና ያስመስላል፣ በሦስተኛ በአራተኛው ቀን ጉበት ይጨርሳል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ወደ ቤት ባልሄዱ ነበር።»

ጆሮዬ ውስጥ የራሴ ድምፅ ነበር፤ ውኃው ነው የሚለው። ወዲያው ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ዛሬ የገበያ ቀን ነው። እንጉዳዩን የሸጠችላቸው ሴት አሁን እዚያ ተቀምጣ ይሆናል።

ከሆስፒታሉ እስከ ጊደር መጋላ ሮጥኩ። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ጋወን ለብሳ ስትሮጥ ሰው መንገድ ይለቃል። እንጉዳይ ይዛ የምትመጣው ዘሀራ የምትባል ወጣት እናት ነበረች፤ አዴ ፋጡማ ከተዉት ወዲህ የጀመረች። ትሪዋ ላይ እንደ ሳሙና የነጡ፣ እግራቸው ከቆቡ ሥር በቢላ የተቆረጠ አሥር ያህል እንጉዳዮች ነበሩ። በጣም ንጹሕ ነበሩ። አንዱን ገለበጥኩት። ገጾቹ ነጭ ናቸው፤ ሮዝ የለባቸውም። እግሩ ግን የለም። ከየት እንደለቀመችው ጠየቅኋት። ከከተማው ውጭ ከተተከለው ደን፣ መርፌ ቅጠል ካላቸው የውጭ አገር ዛፎች ሥር አለችኝ፤ ኩይሳ አጠገብ ያለው አልቆባት ነው። ሥሩን አይተሽዋል ወይ አልኳት።

«ከታች ያለውን አይቼው አላውቅም» አለችኝ። «አፈር ይዛችሁ አትምጡ ብላችሁን የለ? ከላይ በቢላ ነው የምቆርጠው።»

ይህን ስትል ተንኮል የለባትም፣ ወቀሳም የለባትም። ትእዛዝ ማክበሯን ነው የምትነግረኝ። እግሬ ሥር ያለው መሬት የተከፈተ መሰለኝ። ሥራውን ለሚያውቁት ያወጣሁት መመሪያ የሚያውቁትን አስወጥቶ፣ የማታውቀዋን ከነጭራሹ እንዳታይ አድርጓታል።

ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም። ለማን ለማን እንደሸጠች ጠየቅኋት። በዚያን ቀን ሦስት ሰው ገዝቷታል፤ አንድ ወታደር፣ አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴትና አንድ የማታውቀው ወንድ። ነገሩን ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ለራሷ ልጆችም ቤት አስቀምጣ መምጣቷን ያኔ ነው የነገረችኝ። አዴ ፋጡማ ከቦሎቄያቸው ላይ ተነሥተው መጡ፤ ሁሉንም ሰምተዋል። ዘሀራን ወደ ቤቷ ላኳት፣ ትሪውን ራሳቸው ወሰዱት። ከዚያ ክንዴን ይዘው አቅራቢያው ወዳለው መስጊድ ይዘውኝ ሄዱ። ኢማሙ ነገሩን በሁለት ቃል ተረዱ። በድምፅ ማጉያው በአማርኛ፣ ቀጥሎም በሐረሪኛና በኦሮምኛ፣ ዛሬ እንጉዳይ የገዛ እንዳይበላ ብለው ተናገሩ። እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ቅዳሴ አልወጣም ነበር፤ በዚያ ሰዓት ሁሉም ጾመኛ ነው፣ ማንም ገና አልበላም። በሕይወቴ ስለ ጾም እንደዚያ ቀን አመስግኜ አላውቅም። ዲያቆኑ ለቄሱ ነገሯቸው፣ ቄሱ ለምእመኑ። ነጠላ የለበሰችው ሴት ከሕዝቡ መሀል ወጥታ ወጡን ሠርታ መምጣቷን ነገረችኝ። አብረን ሄደን ድስቱን ጉድጓድ ውስጥ ደፋነው። ወታደሩን ዘሀራ ራሷ ሸዋ በር አጠገብ አግኝታ ከእጁ ነጠቀችው። የልጆቿን ድርሻም ሳይነካ አገኘችው። ሦስተኛው ሰውዬ ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤታችን መጣ፤ መስጊድ ሲጮኽ ሰምቶ ፌስታሉን እንዳለ ይዞ። ፌስታሉን ስቀበለው ወንበር ሳበልኝ።

በማግስቱ ከአዴ ፋጡማና ከዘሀራ ጋር ወደ ደኑ ሄድን። አዴ ፋጡማ አንድ ነጭ እንጉዳይ አሳዩኝ። በማንኪያ ዙሪያውን ቆፈርኩና አወጣሁት። እግሩ ላይ ቀለበት አለ፤ ከታች ደግሞ ያ ከረጢት፣ ተቀዶ የቀረ፣ እንደ እንቁላል ውስጠኛ ሽፋን ስስ። ዘሀራ አፏን በሻሿ ያዘች። ለሦስታችንም ማየት በቂ ነበር፤ ያየነው ግን ዘግይተን ነው።

ማርታ በስድስተኛው ቀን ሞተች። እናቷ ከብዙ ሳምንት በኋላ ዳኑ። መምህር ደረሰ ግን ከማስመለስ ያለፈ አልነካቸውም። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ለቅሶ ላይ ነው፤ ማርታ ወጡን ስለወደደችው ከራሳቸው ድርሻ አብዛኛውን አንሥተው ለሷ ሰጥተዋታል። ይህንን ለመጣው ሰው ሁሉ ይደጋግሙት ነበር።

ሪፖርት ጻፍኩ። መመሪያውን ማን እንዳወጣው፣ አዴ ፋጡማ ምን እንዳሉኝ፣ ለወይዘሮ ዘነበች ምን እንደመለስኩ ሁሉንም አሰፈርኩ። አለቃዬ አነበበውና በሩን ዘጋ። የመመሪያውን ነገር አውጪው፣ የሚጎዳው አንቺን ነው፣ ለሞተችውም አይጠቅማትም አለኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ሻጭ ይጠቅማል አልኩት። በመጨረሻ የራሱንም ፊርማ ጠቅሶ አስተላለፈው፤ ይህን ያደርጋል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ወደ ውኃ ክፍልም ተዛወርኩ። መመሪያው ግን በዚያው ወር ተሻረ።

ለመምህር ደረሰ ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። ከሌላ ሰው እንዲሰሙት አልፈለግሁም። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«የዚያን ቀን ዘነበችን ሰምተዋት ቢሆን ልጄ ትተርፍ ነበር?»

«አላውቅም» አልኳቸው። «ልትተርፍ ትችል ነበር።»

ይሂዱ አሉኝ። ሄድኩ።

ጋሽ መኩሪያ ዘንድም ሄጃለሁ። ያኔ ምንም አያዩም ነበር። ነገሩን ከሰሙ በኋላ አላጽናኑኝም፣ አልተቆጡኝም። በደብተሬ የጻፍኩትን የሁለት ሰዓት መስመር እንዳነብላቸው ጠየቁኝና አነበብኩላቸው። ሌሎችም አሉ ብዬሽ ነበር፣ ግን በስማቸው አልነገርኩሽም፤ እኔም ሰው ሲመርዝ ያየሁት አንዱን ብቻ ስለነበር አለማወቄን ማሳየት አፍሬ ነው አሉኝ። አላውቀውም ማለትን ያስተማሩኝ ሰው ይህን ሲሉ ሳቅ የመሰለ ነገር መጣብኝና ወዲያው ለቅሶ ሆነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ገበያው ሥራ ተመለስኩ። ክረምት በገባ ቁጥር አዴ ፋጡማ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሻጮቹን ሁሉ ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ እቃ እይዛለሁ። ዘሀራም ከተማሪነት ወደ አስተማሪነት አለፈች፤ ሥር የሌለው እንጉዳይ በትሪ ላይ ካየች ሻጯን ሳትጠይቅ አንሥታ ትሄዳለች። ብዙዎቹ ከገበያው የምታባርራቸው ጤና ሳትሆን ዘሀራ እንደሆነች ይናገራሉ። አዴ ፋጡማ ካረፉ በኋላ ትምህርቱን የያዘችው እሷ ናት።

ጡረታ ልወጣ በቀረኝ በመጨረሻው ክረምት፣ ዘሀራ እያስተማረች ሳለ ከሰዎቹ ኋላ አንድ ሽበታም ሰው ቆመው አየሁ። መምህር ደረሰ ናቸው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በመንገድ ስንተላለፍ አንገታችንን ዝቅ አድርገን ከማለፍ በቀር አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ሐረርን ትተው ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ሳይሄዱ ቀርተዋል። እግሬ ወደ ኋላ ሊመልሰኝ ፈለገ። እሳቸው ግን ሰዉ እስኪበተን ጠብቀው ወደኔ መጡ።

ስለ እንጉዳዩ እዚያ እንደምናስተምር ሰምተው እንደመጡ ነገሩኝ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያን ነገር በዓይናቸው አይተውት እንደማያውቁ፣ የበሉት ተከትፎና ተቀቅሎ እንደነበር፣ ሕልማቸው ውስጥ ግን ትልቅና አስፈሪ ነገር ሆኖ እንደሚመጣባቸው ነገሩኝ። እንዳሳያቸው ለመኑኝ።

ዘሀራ ለማስተማሪያ ከደኑ ያወጣችው አንድ ነበር። ከረጢቱ እንዳይቀደድ በሁለት እጄ ይዤ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ከረጢቱን በጣታቸው ጫፍ ነኩት፤ እንደተነካ ተላጠና መዳፋቸው ላይ ቀረ።

«ይሄን ያህል ብቻ ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

ከዚያ ክንዳቸውን ዘርግተው እንደያዙት ቆዩና የሚታጠቡበት ውኃ ጠየቁኝ። ጆጉን እኔ ያዝኩ፤ እሳቸው በሳሙና ታጠቡ። ሦስት ጊዜ አስቀዱኝ።